ባነሩ የሸፈነው አባ ኮዳ፦ ስለ ስፖንሰር ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ሐዋሳ ውስጥ ሥዕል የሚስል፣ ፍሬም የሚሠራ፣ አዳራሽ የሚያከራይ ሰው ሁሉ አንድ ጽሑፍ እየተቀባበለ ነው። ለእኔ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። ሁለቱ «እባክህ መልስ ስጠው» አሉኝ። ሦስተኛው «እውነቱን ነው፣ አርፈህ ፍሬምህን ሥራ» አለኝ። ይኼን የምጽፈው ለሦስተኛው ነው።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይኼ ነው። ድርጅቶች ለሥዕል ኤግዚቢሽን የሚያወጡት ገንዘብ ስጦታ ነው። የዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች የሚኖሩት በዚሁ ገንዘብ ነው። ስፖንሰር የሥዕሉ ይዘት ውስጥ አይገባም። የአገራችን ሥዕልም ድሮ በነገሥታትና በቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ነው ያደገው፤ ዛሬ ተራው የባንክና የፋብሪካ ነው። ስለዚህ የሐዋሳ ሠዓሊያን ማማረጥ ትተው የመጣውን ይቀበሉ። ያጎረሰ እጅ አይነከስም።

እኔ ፍሬም ሠሪ ነኝ። እዚህ ከተማ ኤግዚቢሽን ሲኖር ሥዕሉን ተሸክመን የምናስገባው፣ መሰላል ላይ ወጥተን የምንሰቅለው፣ ሲያልቅ የምናወርደው እኔና ረዳቴ ነን። ነገሩን የማየው ከሚስማሩ በኩል ነው።

ስፖንሰር ይጥፋ የምል ሰው አይደለሁም። የአዳራሽ ኪራይ አለ። ሸራ አለ፣ ቀለም አለ፣ እንጨትና መስታወት አለ። ከአዲስ አበባ ሥዕል ይመጣል ከተባለ የመኪና አለ። ይኼን ሁሉ ከአንድ ሠዓሊ ኪስ አውጣ ማለት ቀልድ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው፤ አልከራከራቸውም። ጸቤ ከቀረው ጋር ነው።

«ስጦታ ነው» ከሚለው ልጀምር።

ስጦታ ፕሮፖዛል አይጠየቅበትም። እኛ ግን ሁሌም ፕሮፖዛል እንጽፋለን። ፕሮፖዛሉ ውስጥ ሠንጠረዥ አለ፤ ፕላቲኒየም፣ ጎልድ፣ ሲልቨር። ፕላቲኒየሙ ሎጎው መግቢያው ላይ ይቆምለታል፣ ሥራ አስኪያጁ ንግግር ያደርጋሉ፣ ስሙ በየፖስተሩ ራስጌ ይወጣል። ሲልቨሩ ከግርጌ ተጨናንቆ ይቀመጣል። ይኼ እንግዲህ የዋጋ ዝርዝር ነው። ሱቅ ከፍተናል ማለት ነው። ሱቅ መክፈት ነውር የለውም። ዕቃውን ሳይመዝኑ መሸጥ ነው የሚያስቀው።

በግብሩም በኩል እንየው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ስጦታ ከገቢ ላይ የሚቀነሰው በገደብ ነው፤ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ማለፍ አይችልም። ለንግዱ ተብሎ የወጣ የማስታወቂያ ወጪ ግን እንደማንኛውም የሥራ ወጪ ይታያል። እስቲ ስፖንሰር ያደረጋችሁ ድርጅት ደረሰኙ ላይ ምን ተብሎ እንዲጻፍለት እንደሚፈልግ አስታውሱ። እኔ የማውቀው ሁሉ «ለማስታወቂያ» ብሎ ነው ያስጻፈው። ሒሳብ ሹሙ ስጦታ አለመሆኑን ያውቃል። ያላወቅነው እኛ ነን።

ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። ሃንስ ሃከ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1975 የትልልቅ ሰዎችን ንግግር ብረት ላይ አስቀርጾ እንደ መታሰቢያ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከንግግሮቹ አንዱ ሮበርት ኪንግስሊ የሚባሉ የኤክሶን ነዳጅ ኩባንያ ሰው የተናገሩት ነው። ኩባንያቸው ለሥነ ጥበብ የሚያደርገው ድጋፍ ለኅብረተሰቡ ማለስለሻ እንደሚሆን፣ በትልልቅ ከተሞች ንግድ እንዲቀጥል ከተፈለገም ይበልጥ የለሰለሰ አካባቢ እንደሚያስፈልግ ነበር ያሉት። ጋራዥ የዋለ ሰው ባንድ ቃል ይገባዋል፦ ግራሶ። ሰውየው አልዋሹም። ግራሶ ይገዛል፣ ዋጋ አለው፣ የሚቀባበት ቦታም አለው። ለመኪናው ስጦታ ሰጠሁት የሚል መካኒክ ግን አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ነጥባቸው «የዓለም ሙዚየሞች የሚኖሩት በኩባንያ ገንዘብ ነው» የሚለው ነው። እንደ ምሳሌ የጠቀሱት የለንደኑን ቴት ሙዚየም ነው። ጥሩ ምሳሌ መርጠዋል፤ የቴት ሒሳብ በግድ ተገልጦ የታየ ስለሆነ።

የነዳጅ ኩባንያው ቢፒ ቴትን ለ26 ዓመት ስፖንሰር አድርጓል። ሎጎው ያልነበረበት ቦታ አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ቢፒ ቢወጣ ሙዚየሙ በሩን የሚዘጋ ይመስለው ነበር። ስንት እንደሚከፍል ግን ሙዚየሙ አልናገርም ብሎ ዓመታት ተከራከረ። በመጨረሻ ፍርድ ሰጪው አካል ተናገር ስላለው እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ይፋ አደረገ። ከ1990 እስከ 2006 ባሉት 17 ዓመታት ቢፒ የሰጠው 3.8 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። በአማካይ በዓመት 224 ሺህ። ለእኔና ለእርስዎ ብዙ ነው። ለቴት ግን የዓመት ገቢውን አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ቴት በቢፒ አልኖረም። ቢፒ ግን የቴትን ስም በርካሽ ተከራይቶ ኖሯል። ውሉ እ.ኤ.አ. በ2017 አበቃ። ቴት ዛሬም ክፍት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን አስቡ። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ለብሪቲሽ ሙዚየም በ10 ዓመት 50 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሰጥ ተስማማ። በዓመት 5 ሚሊዮን መሆኑ ነው። ሥራውና ሙዚየሙ ይለያያል፣ ይኼን አውቃለሁ። ግን ልዩነቱ ያስገርማል። የእኔ ግምት የሚከተለው ነው፤ በነዳጅ ንግዱ ላይ ተቃውሞ ሲበዛ የሙዚየም ግድግዳ ተፈላጊነቱ ጨመረ፣ ዋጋውም አብሮ ወጣ። ዶሮዋን የሚሸጥ ሰው የበዓል ዋዜማ መሆኑን ካወቀ በስንት እንደሚሸጥ ለሐዋሳ ሰው አልነግርም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ስፖንሰር ይዘት ውስጥ አይገባም፤ እስከ ዛሬ ይኼን ሥዕል አውርዱ ያለ ድርጅት አለ?» ይላሉ ጸሐፊው። ጥያቄው ጥሩ ነው። አውርዱ ያለ አላጋጠመኝም። ያጋጠመኝን ግን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የሰባት ሠዓሊያን ኤግዚቢሽን ነበረን። ስፖንሰራችን ውሃ የሚያሽግ ድርጅት ነበር። ስሙን አልጠራም፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ በነፃ ማስታወቂያ አይሠራለትም። ከሥዕሎቹ አንዱ ሐይቁ ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን፣ የሚያሳይ ነው። ጠዋት፣ ዓሣ የሚበለትበት ሰዓት። አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ መላጣ አሞራ፣ ትከሻውን ሰብስቦ እንደ ጡረተኛ ቆሟል። እግሩ ሥር የዓሣ አጥንት አለ፣ ከአጥንቱ ጋር ደግሞ የፕላስቲክ ጠርሙሶች። ጽሑፍ የለባቸውም። ክዳናቸው ብቻ የታወቀ ቀለም አለው። ሐዋሳ የኖረ ሰው ቀለሙን አይቶ የማንን ውሃ እንደሆነ ያውቃል።

የመክፈቻው ዋዜማ የድርጅቱ የማርኬቲንግ ልጅ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ይቺ በጣም ቆንጆ ናት» አለኝ። ቆየት አለና «ግን መግቢያው ላይ ብርሃኑ አልበዛባትም?» አለ። ብርሃን ለሥዕል በዛበት ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሠዓሊው አጠገቤ ነበር። ተያየን። ነገር ላለማክረር ሥዕሉን ወደ ጥጉ ወሰድነው።

በነጋታው ጠዋት አዳራሹ ስገባ ከሥዕሉ ፊት ሮል አፕ ባነር ቆሟል። ሁለት ሜትር ቁመት፣ ሰማያዊ፣ የምትስቅ ሴት ብርጭቆ ይዛ። ባነሩን በአንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን ገፋሁት። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ተመልሷል። ደግሜ ገፋሁት። ክቡር እንግዳው ሲገቡ ዞር ብዬ ሳይ አሁንም ቦታው ላይ ነው። ያን ቀን እኔና ባነሩ ስንገፋፋ ዋልን። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ማንም ሥዕል አውርድ አላለኝም።

ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤት ልጆች መጡ። አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ አንገቷን ከባነሩ ጀርባ አስገባች። ከዚያ «ኑ ኑ፣ እዚህ ጋ አባ ኮዳ ተደብቋል!» ብላ ጓደኞቿን ጠራች። ስድስት ሰባት ልጅ አንድ ላይ ሲጋፋ ባነሩ ወደቀ። እኔ አላነሣሁትም።

በድርጅቱ ሪፖርት ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ታውቃላችሁ? «በይዘቱ ላይ ምንም ጣልቃ አልገባንም»። እውነት ነው። አልገቡም፤ ፊት ለፊቱ ነው የቆሙት።

ጉዳቱ ደግሞ በዚያ ቀን አላበቃም። ያ ሠዓሊ በሚቀጥለው ዓመት ሥዕል ይዞ መጣ። ሐይቅ፣ ጀምበር፣ አንድ ታንኳ። «አባ ኮዳውስ?» አልኩት። «ምን ያደርጋል ባክህ፣ ባነር ሊጋርዱበት» አለኝ። ማንም ሳይነግረው ራሱን ገፍቶ ጥግ ወሰደው። ጸሐፊው አውርዱ የተባለ ሥዕል ካለ አሳዩኝ ይላሉ። ያልተሣለ ሥዕል ከየት አምጥቼ ላሳያቸው?

(እግረ መንገዴን፦ ከገንዘቡ ግማሹን የበላው ራሱ ባነሩ ነው። የባነር፣ የቲሸርትና የድንኳን ማሳተሚያ «ከስፖንሰርሺፑ ላይ ይታሰባል» ተብሎ ተቀነሰ። የቀረው ግማሽ ደግሞ ስንት ደብዳቤና ስንት ማኅተም አልፎ ከሰባት ወር በኋላ ነው የተከፈለው። እስከዚያ የአዳራሹ ባለቤት ስልኬን ሲደውልልኝ ነበር፤ የስፖንሰሩን ስልክ አይደለም።)

ሐቁን ለመናገር ስፖንሰር ሁሉ እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ስዊዘርላንድ በርን ከተማ ሃራልድ ዜማን ያዘጋጀው አንድ ኤግዚቢሽን በሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ ይነሣል። ገንዘቡን ያወጣው የሲጋራው ኩባንያ ፊሊፕ ሞሪስ ነበር። አንዱ አርቲስት ከአዳራሹ ፊት ለፊት ያለውን አስፋልት በትልቅ የብረት ኳስ አስደረመሰ። ኩባንያው ዝም አለ፤ ያኮረፈው የከተማው ሰው ነበር። ዜማንም በዚያው ዓመት ሥራውን ለቀቀ። ስለዚህ ስፖንሰር ሁሉ ፈሪ ነው አልልም። ነፃነቱ ግን በስፖንሰሩ ጠባይ ላይ ከተንጠለጠለ ነፃነት አይባልም፤ ዕድል ነው። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት፣ ኢኮም፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሻሻለው የሥነ ምግባር ደንቡ ገንዘቡ ከየትም ይምጣ ሙዚየሙ የኤግዚቢሽኑን ይዘት በራሱ እጅ መያዝ አለበት ያለው ለዚህ ይመስለኛል። እኛ ሙዚየም አይደለንም፣ የሆቴል አዳራሽ ተከራይ ነን። ደንቡ ግን ለአዳራሽም ይሠራል።

አራተኛው የነገሥታቱ ነገር ነው። «ድሮም ሥዕልን ያሣለው ገንዘብ ያለው ነው፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ይላሉ።

ልዩነቱ የቆሙበት ቦታ ነው። ጣና ላይ ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን። ሥዕሉ ላይ እሳቸውም አሉ። የት? ከእመቤታችን እግር ሥር፣ መሬት ላይ ተደፍተው። የገንዘቡ ባለቤት፣ የአገሪቱ ንግሥት፣ በከፈሉበት ግድግዳ ላይ ታች ተኝተው ነው የሚታዩት። በድሮዎቹ ሥዕሎች ላይ ገንዘብ አውጥቶ ያሣለው ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ትንሽ፣ ጥግ ላይ፣ እጁን ዘርግቶ። እኔ ፕላቲኒየም ስፖንሰር ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ አላየሁም። የእኛ ፖስተር ላይ የድርጅቱ ሎጎ የጀበና ያህል ነው፤ የሰባቱ ሠዓሊያን ስም ተደምሮ የሲኒ ያህል አይሆንም። ጸሐፊው የምንትዋብን ሥርዓት ይመልሱልን ካሉ እሰየው። ከነመደፋቱ ይሁን።

አምስተኛው ላይ ነገሩ ይከርራል። «የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ስለወጣ ቢራ ፋብሪካዎች ገንዘብ ይዘው መውጫ አጥተዋል፤ ይኼን ዕድል የሐዋሳ ሠዓሊ ይጠቀምበት» ብለው ይመክራሉ። ከጽሑፉ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይኼ ነው።

እንደ ነጋዴ ካየነው ብልጥ ምክር ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሩን ሲዘጋ ገንዘቡ መስኮት ይፈልጋል። ግን ሕጉ በሩን የዘጋው ለምን ነበር? ልጆች እንዳያዩ አይደለም እንዴ? ታዲያ ከባነሩ ጀርባ አባ ኮዳ ያገኘችው ልጅ ስንት ዓመቷ ነው? ታዳሚያችን እኮ ግማሹ ዩኒፎርም የለበሰ ነው። ሲጋራን በተመለከተማ ሕጉ ስፖንሰርሺፑን ጭምር ነው የከለከለው። በርን ከተማ የሆነው እዚህ ይሁን ቢባል አይቻልም። ቢራውን በተመለከተ ደግሞ አዋጁን ከፊት ለኋላ ሳያነቡ ሠዓሊን ወደዚያ መግፋት ተገቢ አይመስለኝም። ቅጣት ቢመጣ የሚጠራው የኤግዚቢሽኑ አዘጋጅ ነው፣ ምክር የጻፈው ሰው አይደለም።

«ስም መለጠፍ ምን ይጎዳል? ካልተስማማ ይነሣል» የሚለውንም እዚሁ ልመልሰው። የሳክለር ቤተሰብን ጉዳይ ሰምታችሁ ይሆናል። ኦክሲኮንቲን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ያመርት የነበረው የፐርዱ ፋርማ ባለቤቶች ነበሩ። በአሜሪካ ብዙ ሕዝብ በሱስ ከተያዘ በኋላ ስማቸው በየሙዚየሙ ግድግዳ ላይ እሾህ ሆነ። ፎቶግራፍ አንሺዋ ናን ጎልዲን፣ ራሷ ከመድኃኒቱ ሱስ የወጣች፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ከጓደኞቿ ጋር ኒው ዮርክ ጉገንሃይም ሙዚየም ገባች። ከላይኛው ፎቅ የሐኪም ማዘዣ የሚመስሉ ወረቀቶች በተኑ። ወረቀቱ በዚያ ክብ አዳራሽ ውስጥ እንደ በረዶ ሲወርድ ፎቶውን አይቼዋለሁ። የፓሪሱ ሉቭር በዚያው ዓመት ሐምሌ ስሙን ከግድግዳው አነሣ። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን እስከ ታኅሣሥ 2021 ቆየ። እነዚህ ጠበቃ ያላቸው፣ ገንዘብ ያላቸው፣ ስማቸው የገነነ ሙዚየሞች ናቸው። ስም ለማንሣት እንዲህ ከተሰቃዩ እኔ በመሰላሌ የማንን ስም ላነሣ ነው?

የቀረው ያጎረሰ እጅ ነው። መጉረስ ባህላችን ነው፣ አልጠላውም። ግን ያጎረሰህ ሰው አፍህን በመዳፉ ይዞ «እንዲህ ብለህ አላምጥ» አይልህም። ደግሞም ጉርሻ ብለው ጠርተውት ደረሰኝ የሚጠይቁበት ቤት አላውቅም።

እኛ ምን እያደረግን ነው? ዘንድሮ ስምንት ሆነን ዕቁብ ገባን። የመጀመሪያው ዕጣ ለማንም አይወጣም ብለን ተስማማን፤ ለአዳራሽ ኪራይ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ኪራዩ ከተከፈለ ከስፖንሰር ጋር የምትነጋገርበት ድምፅ ይለወጣል። ፊት «እባካችሁ» ነበር የምንለው። አሁን «ይኼን ያህል ነው» እንላለን።

ሁለተኛ፣ ወረቀት አዘጋጀን። አንድ ገጽ ነው። የሚሰቀለውን የምንመርጠው እኛ ነን ይላል። ገንዘቡ ከመክፈቻው በፊት ሙሉ በሙሉ ይገባል ይላል። የባነር ማሳተሚያ ከስጦታው አይቀነስም ይላል፤ (ስጦታ የሚለውን ቃል በኋላ ሰርዘን ክፍያ አልነው፣ ሒሳብ ሹሙ ደስ እንዲለው)። ሎጎው ከሠዓሊያኑ ስም አይበልጥም ይላል። የመጨረሻው አንቀጽ የእኔ ነው፦ ባነር ከማንኛውም ሥዕል ሦስት ሜትር ይርቃል፣ ሥዕል የሰቀለው ሰው ካልፈቀደ አይንቀሳቀስም።

ለሦስት ድርጅቶች ላክነው። አንዱ ዝም አለ። አንዱ ስልክ ደውሎ «ይኼ ነገር ፖለቲካ አለበት እንዴ?» አለን። ሦስተኛው ባለፈው ማክሰኞ ፈርሞ መለሰው። ማኅተሙ አለ፣ ፊርማው አለ፣ ክፍያው አለ። ሦስት ሜትሩ አጠገብ ብቻ በእስክሪብቶ «ይታሰብበት» ተብሎ ተጽፎበታል። አባ ኮዳው እስካሁን ሱቄ ውስጥ፣ መስታወት ቤቱ ጎን ነው ያለው። ሠዓሊው ትናንት መጥቶ ፍሬሙን ቀይርልኝ ብሎኛል።